ካርቶን የሌላት ጊታር

ሙሀይሚን ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ሰው ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስኳር ሲገዛ ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን ከሥር የሚያይ፣ የባጃጅ ሾፌር መልስ ሲሰጠው ብሩን ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚመረምር እሱ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ለጨዋታ ሲለው እሱ እንደ ምክር ይዞት አድጓል። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ጥቁሩን የጊታር ሻንጣ አልጋው ላይ አጋድሞ ዚፑን ሲከፍት፣ ደስታው ገና መንገድ ላይ ሳለ ጥርጣሬው ቀድሞ ገባ።

ጊታሯ አሮጌ ነበረች።

አዲስ ናት ተብላ ነው የመጣችው። ሻርጃ በሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ሀውራ «ከሱቅ ከተሰቀለችበት አስወርጄ፣ ገና ሰው ያልነካትን ገዛሁልህ» ብላ በስልክ ነግራዋለች። ታዲያ ይቺ ምንድን ናት? ሰማያዊ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ጠርዝ ጠርዟ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የሚመታት ሰው ቀኝ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይማ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ የመዳፍ ስፋት ያህል ራቁቱን ወጥቷል። ነጭ መሆን የነበረበት ፕላስቲክ እንደ ሰነበተ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። ቅርጿም ቀና አይደለም። አንዱ ጎኗ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሸሽቷል፤ አንድ እግሯ ላይ አዘንብላ መልስ የምትጠብቅ ሴት ትመስላለች።

ከሁሉም የባሰው ግን ካርቶን የላትም። ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ ምን እንደሚመስል ሐይቅ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ፍሪጅ ቢሆን ላስቲኩ በራሱ ጊዜ ተቀዳዶ እስኪያልቅ አይላጥም፤ ቴሌቪዥን ቢሆን ካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፤ ሶፋ ቢሆን እንግዳ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ ይቀመጣል። የአዲስነት ምስክሩ ላስቲክ ነው። ያለ ላስቲክና ያለ ካርቶን የመጣ ዕቃ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ማንም ያሻውን ይለዋል።

ጊታሯን እያገላበጠ ሳለ እናቱ መስኡዳ ወንፊቷን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። ጊታሯን አየቻት። ወንፊቱን አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ቀረበችና መዳፏን ያ የተላጠው ቦታ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወንፊቷን አንስታ አንድም ቃል ሳትናገር ተመልሳ ገባች።

«እናቴም አይታዋለች» አለ ሙሀይሚን በሆዱ። «ለሰውየው አፍራ ነው ዝም ያለችው።»

ሰውየው አብዱልመናን ነው። ጊታሯን ከሻርጃ ይዞ የመጣው እሱ ነው። እዚያ የመኪና ቀለም ቀቢ ሆኖ ብዙ ዘመን ሠርቶ ባለፈው ክረምት ተመልሶ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ከፍቷል፤ ቀሪ ጉዳዩን ሊጨርስ ሄዶ ሲመለስ ነው ጊታሯን ያመጣት። ይኸው ሰው ሀውራን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል። ሀውራ ፈቅዳለች። ኒካሁ ከታሰረ ጓዟን ጠቅልላ ልትመጣ ነው። አባታቸው ስለሞተ ደግሞ ወሊዋ ታናሽ ወንድሟ ሙሀይሚን ነው፤ እሱ «እሺ» ካላለ ኒካህ የለም። ሽማግሎቹን አንድ ጊዜ «እስቲ ላስብበት» ብሎ መልሷቸዋል። ለሐሙስ ቀጥሯቸዋል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። እህቱን ይወዳታል። የበላውም የተማረውም በእሷ ድካም ነው። እሷን የሚያክል ሰው ለማን እንደሚሰጥ ግን አያውቅም፤ የሚታይ እንከን የሌለበት ሰው ደግሞ ሙሀይሚንን ከሌባ ይልቅ ያስፈራዋል። እንከኑ ይኸው በጥቁር ሻንጣ ተጠቅልሎ መጣለት።

ከሰዓት በኋላ ቢያድግልኝ አምፕሊፋየሩን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ቢያድግልኝ ሙሀይሚን ጊታር በሚመታበት የሠርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይመታል። ልጅ ሳለ እስጢፋኖስ ገዳም ዜማ ሲማር ቆይቶ ነው ወደ ዘፈን የዞረው። ጊታሯን ሰክተው ሙሀይሚን አንዴ ክሩን መታ። ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚናገር ሰው ድምፅ ሆነ። ማስተካከያውን ወደዚህ አዞረ፤ ለውጥ የለም። ወደዚያ አዞረ፤ ለውጥ የለም።

«ሞታለች» አለ ሙሀይሚን።

«ገና ነው እንጂ፣ መች ተዋወቃችሁ?» አለው ቢያድግልኝ።

«ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት እየው። እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።»

ቢያድግልኝ ብረቱን ነካ ነካ አደረገው። እውነትም ይነቃነቃል። ከዚያ ወደ አንገቷ ዞረና ጣት የሚረግጥባቸውን ጠባብ ብረቶች አንድ በአንድ ዳሰሰ። «ይገርማል» አለ። «እነዚህ ግን አልተበሉም። ክር የረገጠባቸው ምልክት የለም። ያረጀች ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ነበር የምትታወቀው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚች ላይ ቆም ብሎ ባሰበ ነበር። ሙሀይሚን ግን ከበፊቱ ባሰበት። «አየህ? ብረቱን ቀይሮ አሮጌነቷን ሊደብቅ ነው። ቀለሙን ለመቀባት ጊዜ አጠረው።»

«ቀለም ቀቢው ሰውዬ ቀለም ለመቀባት ጊዜ አጠረው?»

«የኔይቱን አዲሷን ሸጦ ይቺን ከአሮጌ ተራ አንስቶ አምጥቷል ነው የምልህ።»

«ሀውራን ጠይቃታ።»

«ሀውራ ወዳዋለች። የወደደ ሰው ምስክር ይሆናል?»

ቢያድግልኝ ሳቀ። ከሙሀይሚን ጋር መከራከር ሐይቁን በማንኪያ መቅዳት መሆኑን ስለሚያውቅ አምፕሊፋየሩን ትቶለት ሄደ።

በማግስቱ ሙሀይሚን ጋራዡ ድረስ ሄደ። አብዱልመናን በር የተነቀለ ባጃጅ ሥር ተንበርክኮ በብርጭቆ ወረቀት ያረጀ ቀለም ይፍቃል። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ሙሀይሚን ብርጭቆ ወረቀቱን አየ፤ የቀለም ጣሳዎቹን አየ፤ ከጣሳዎቹ መካከል ሰማያዊ አገኘ። እዚያው ሁለተኛ ጥርጣሬ ተወለደ። ምናልባት ባይቀይራትም በዚሁ ወረቀት ፍቆ አበላሽቷት ይሆናል።

አብዱልመናን ፊቱ በርቶ ተነሣ። «አህለን፣ ሙሀይሚን። ጊታሯ እንዴት ናት? እንደ ሕፃን ታቅፌ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣኋት። አውሮፕላን ውስጥ ከላይ ጫናት ቢሉኝ እምቢ አልኳቸው።»

«ካርቶኗ የታለ?»

«እዚያው ጣልኩት። በካርቶን ይዘህ ስትገባ ነጋዴ ነህ ብለው ያቆሙሃል። ከዐረብ አገር የተመለሰ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ይህ እውነት ነው፤ ሙሀይሚንም ያውቀዋል። አውቆም አላመነም። «ቀለሟን ማን ነው የላጣት?» አለ።

«ከሱቅ ስትወጣም እንዲሁ ነበረች።»

«አዲስ ዕቃ ተልጦ ይሸጣል?»

አብዱልመናን ፈገግ አለ። ከዚያ የሙሀይሚንን ፊት አስተውሎ ሲያይ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «አላወቅካትም እንዴ?» አለው።

«ምኗን ነው የማውቀው?»

«እንግዲያው ሀውራን ጠይቃት። እኔ አደራ አለብኝ፤ አልናገርም።»

«የምን አደራ?»

«ከተናገሩትማ ምኑን አደራ ሆነ?» አለና አብዱልመናን ወደ ባጃጁ ጎንበስ አለ። ወረቀቱን እንደያዘ ግን አልፈቀፈቀም፤ ሙሀይሚን ርቆ እስኪሄድ ብረቱን ያይ ነበር።

ንጹሕ ሰው አይደነግጥም፣ ንጹሕ ሰው ዐይኑን አይሰብርም እያለ ሙሀይሚን ወደ ቤቱ ተመለሰ። አደራ የምትለዋን ቃል እያላመጣት ሄደ። ጥፋት የሸሸገ ሰው ሁሉ የሚደበቅባት ቃል መሰለችው።

የዚያን ዕለት መግሪብ እንደተሰገደ ሀውራ ደወለች። ከሰላምታው በፊት «ሙሄ፣ ሰማሁ» አለችው። «አብዱልመናን ሁሉንም ነገረኝ።»

«ምኑን ነገረሽ?»

«ተወው፣ አታውራው። አንተ እንዲህ ያለውን ነገር በአፍህ እንደማታወጣው አውቃለሁ። እኔም ስሰማ አላስቻለኝም።» ድምፅዋ እንባ እንባ ይል ነበር።

«ሀውራ፣ እኔ እኮ ምንም…»

«ማዳም እየጠራችኝ ነው። እማን ሳምልኝ፣ እሺ?» ስልኩ ተዘጋ።

ሙሀይሚን ስልኩን ይዞ ቀረ። ሰውየው ቀድሞ ደውሎ አንድ ነገር አውርቶላታል፤ እህቱን ባዕድ አገር አስለቅሷታል። ምን ብሎ? መንገድ ላይ ወደቀች ብሎ? ወንድምሽ ስጦታሽን ናቀ ብሎ? ምንም ይሁን ምን፣ ሀውራ ማልቀሷ ብቻ በቃው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለ ለራሱ፤ እኔ አልመነጠርም።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሎቹ መጡ። ሼህ ኑርዬ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሐቢብና ጥምጣማቸውን ያሳመሩ አንድ የጎረቤት ቄስ ተከትለዋል። እንደ ደንቡ ተቀመጡ ሲባሉ «ቃል ሳንይዝ አንቀመጥም» ብለው በራፍ ላይ ቆሙ። መስኡዳ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ሼህ ኑርዬ አላህን አመስግነው፣ ነቢዩ ላይ ሶለዋት አውርደው፣ ያለፈውን ጥያቄ በጥሩ አማርኛ ደገሙት። «ላስብበት ብለኸን ነበር፣ ልጄ። አሰብክበት?» አሉ።

«አስቤበታለሁ፣ ሼሁ» አለ ሙሀይሚን። ሦስት ቀን ሲያብላላው የሰነበተው ንግግር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «እህቴን ከመጠየቁ በፊት ዕቃዋን ይመልስ። አዲስ ጊታር በአደራ ተቀብሎ አሮጌ ነው ያመጣው። አደራ የበላ ሰው ነገ እህቴን ይበላታል።»

በወሎ ምድር ሰውን ሌባ ቢሉት ሊታረቅ ይችላል። አደራ በላ ከተባለ ግን ልጁም «የአደራ በላው ልጅ» ይባላል። ሐጂ ሐቢብ መሬት መሬት አዩ። ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጄ፣ ሲቀይር አይተሃል?» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ዕቃው ይመሰክራል።»

«ዕቃ አይምልም። አንተ ትምላለህ?»

ሙሀይሚን አፉን ከፈተ። «ወላሂ» የምትለው ቃል፣ በቀን መቶ ጊዜ ለከንቱ ነገር የሚላት ቃል፣ አልወጣችለትም።

ሼሁ ጠበቁት። ከዚያ በትራቸውን አነሡ። «ባልሰማን ደስ ባለን። ግን ሰማን። የሰማነውን ለላከን ሰው ሳናደርስ አናድርም፤ እኛም አደራ አለብን» አሉ። ሦስቱም ውሃ ሳይቀምሱ ወጡ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሙሀይሚን በራፉ ላይ ቆሞ ጀርባቸውን ሲያይ የተናገረው ነገር አብሯቸው ቁልቁል ሲሄድ የሚያይ መሰለው።

እናቱ ከጓዳ ስትወጣ የሳጥኗ ቁልፍ እጇ ላይ ነበር። በሌላ እጇ ጫፉ የተበላ ፎቶግራፍ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ይህን እይ» አለችው።

ፎቶው ላይ አንድ ቀጭን ወጣት አፍሮ ጎፍሮ፣ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጊታር ታቅፏል። ጊታሯ ሰማያዊ ናት። ወገቧ የተወላገደ ነው። ወጣቱ ክንዱን ትንሽ ቀና አድርጓል፤ ከክንዱ ሥር ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል።

አባቱ ነው። ሙሀይሚን አባቱን የሚያውቀው በልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ነው። በደርግ ጊዜ ደሴ ኪነት ውስጥ ጊታር ይመታ እንደነበር ሲባል ሰምቷል። ጊታሯ የት ገባች ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሰው ሁሉ ላይ ጥያቄ የማያልቅበት ሰው ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም።

«ሀውራ ዐረብ አገር የሄደች ጊዜ ነው የሸጣት» አለች መስኡዳ። «ለመንገዷ። ከዚያ በኋላ ፎቶዋን እንኳ አላይም ብሎ ከሳጥኔ ሥር አስቀበረኝ። አንተ ገና ጥርስህ ያልተነቀለ ልጅ ነበርክ። እሱ ሲመታ አንተ ጆሮህን እዚች ላይ ለጥፈህ ትተኛ ነበር። ሀውራ ናት አንስታ የምታስተኛህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ስታገላብጣት ሳይ ያወቅካት መሰለኝ። እኔም ዝም ያልኩት ሳያት አባትህ ተመልሶ የገባ መስሎኝ ነው። ዛሬ ከጓዳ ሆኜ የምትለውን ስሰማ ነው ምን ስታስብ እንደሰነበትክ ያወቅኩት። በሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ልግባ?»

መስኡዳ ጊታሯን አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ጊታር መትታ የማታውቀው ሴት አውራ ጣቷን ወደ ጊታሯ ትከሻ ሰድዳ፣ ሙሀይሚን ጌጥ ነው ብሎ የናቃትን ትንሽ ማብሪያ ወደ ታች ገፋቻት። «አባትህ ይህችን ሳይነካ አይጀምርም ነበር። እስቲ አሁን ምታት።»

አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክቶ መታት። ድምፁ ከብርድ ልብሱ ወጣ። ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው፤ ማስተካከያውን ሲያዞር ድምፁ አብሮት ዞረ። ጣቶቹ ሳያስቡት በአምባሰል ቅኝት ጥቂት ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው አይጠላም ነበር።

ሻንጣውን ትቶ ጊታሯን እንዳለች ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወጣ። ሰው ዞር እያለ ያየዋል። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ማን ምን እንደሚያስብ አልጠረጠረም።

ጋራዡ ሲደርስ ሼህ ኑርዬና ባልደረቦቻቸው ሲወጡ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሼሁ ትከሻው ላይ ያለውን አይተው «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ነበር የሚሸከመው» አሉና አልፈውት ሄዱ።

አብዱልመናን የባጃጁን በር ጭኑ ላይ አድርጎ ይፍቃል። ቀና ብሎ አላየውም። ሙሀይሚን ፊቱ ቆመ። ምን እንደሚል ሲያሰላስል የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

«አፉ በለኝ» አለ።

የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቀጠለ።

«እማ ፎቶውን አሳየችኝ። አወቅኳት። አፉ በለኝ፣ አብዱልመናን።»

«አደራ በላ ተባልኩ» አለ አብዱልመናን፣ እጁን ሳያቆም። «ያውም በሼህ ኑርዬ አፍ መጣልኝ። በሰው አገር ያን ያህል ዓመት ስኖር እንዲህ ያለኝ አልነበረም።»

ሙሀይሚን ጊታሯን ከትከሻው አወረደ። አብዱልመናንም ጥቂት ፍቆ ወረቀቱን አስቀመጠና ጊታሯን አያት። ልቡ ሳይወድ የለዘበ ይመስል ነበር።

«ፋብሪካው ነው እንዲህ ልጦ የሚሸጣት» አለ። «የድሮ ነገር ለሚወዱ ሰዎች። ያ የሚነቃነቀው ብረቷም አሠራሩ ነው። ሱቁ ውስጥ ሲነግሩን ስቄያለሁ። እኛ ጭረት ለማጥፋት ይከፈለናል፣ እነሱ ጭረት ለመሥራት ይከፈላቸዋል። ልቀባላት ስል ሀውራ በዐይኗ ልትገድለኝ ነበር። እዚች ባዶዋ ቦታ ላይ እጇን አድርጋ ‘የአባቴን ጊታር ቁርጥ ናት’ ብላ ሱቁ መሃል ቆመች። ‘አደራህን፣ እንዳትነግረው። እሱ ራሱ ያውቃታል’ አለችኝ።»

«አላወቅኳትም።»

«አላወቅካትም። ያን ቀን ከዚህ እንደሄድክ ደወለች። ‘ሲያያት ምን አለ?’ አለችኝ።»

ሙሀይሚን በዚያ ሁሉ ኀፍረቱ መካከል እንኳ የጥንት አመሉ ጆሮውን አቆመው። «ምን አልካት?»

አብዱልመናን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐይኑን አየው። «‘ገና ሻንጣውን ሲከፍት አወቃት። እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ’ አልኳት።»

እንግዲህ ሀውራ በስልክ የሰማችው ይህን ነበር። ሙሀይሚን ቀንም ሌትም ሲያድነው የሰነበተውን ውሸት በመጨረሻ አገኘው። ሰውየው ዋሽቷል። የዋሸው ግን ለእሱ ነው፤ እህቱ በእሱ እንዳታዝን።

ሙሀይሚን ከጋራዡ ግድግዳ ሥር ከተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጊታሯ ጭኑ ላይ ነበረች፤ ቀኝ ክንዱ መሄጃ ሲያጣ ያ የተላጠው ቦታ ላይ አረፈ። ልክ ነበር። ከዚያ አለቀሰ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

አብዱልመናን እንዲያለቅስ ተወው። ሲበቃው አጠገቡ መጥቶ የተንጠለጠለ ንጹሕ ጨርቅ ሰጠው።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ሼህ ኑርዬን እኔ እልካቸዋለሁ» አለ ሙሀይሚን። «ወደ አንተ።»

«የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ ታይቶ አያውቅም።»

«ይታያ።»

አብዱልመናን የባጃጁን በር አንሥቶ ጭኑ ላይ መለሰ። «ይምጡ» አለ። «እኔ እንደ አንተ ‘ላስብበት’ ብዬ አላመላልሳቸውም።» ትንሽ ፈቅፈቅ አደረገና ደግሞ ቆመ። «ለሀውራ የነገርኳትንም ዛሬ እውነት አደረግክልኝ። ከውሸቴ አወጣኸኝ።»